አንጀት ለማትረፍ ሦስት ትውልድ ያስፈልጋል

ኦፕራሲዮን ክፍል ውስጥ ሆዱ የተከፈተ ሰው የአንጀቱ ቀለም ብዙ ይናገራል። ጤነኛ አንጀት ሮዝ መልክ አለው፤ ያብረቀርቃል፤ ነካ ሲያደርጉት ይላወሳል። ተጠማዞ ደሙ የተቋረጠበት አንጀት መጀመሪያ የወይን ጠጅ ቀለም ይይዛል፤ ሲቆይ ይጠቁራል። ሰርጅኑ ጥምዙን ይፈታል፤ በሞቀ የጨው ውሃ የተነከረ ጨርቅ ያለብሰዋል፤ የማደንዘዣ ባለሙያው ኦክስጅን ይጨምራል፤ ከዚያ ሁሉም ቆመው ይጠብቃሉ። ጨርቁ ሲገለጥ ቀለሙ ከተመለሰ፣ የደም ሥሩ ከመታ፣ አንጀቱ ከተላወሰ ወደ ቦታው ይገባል። ጠቁሮ ከቀረ ተቆርጦ ይወጣል።

በነዚያ ደቂቃዎች ከመጠበቅ በቀር የሚደረገው ጥቂት ነው። ከዚያ በፊት በባከኑት ሰዓታት ግን ብዙ ማድረግ ይቻል ነበር። ወደፊት ደግሞ በነዚያው ደቂቃዎች ለአንጀቱ የሚሰጥ ነገር እንዲኖር ሳይንስ መንገድ ጀምሯል። የዛሬው ጥሪዬ በሁለቱም ላይ ነው፤ የሚመለከተውም ሐኪሙን ብቻ አይደለም።

በአውሮፓና በአሜሪካ የትልቁ አንጀት መጠማዘዝ በአብዛኛው የሚታየው በአዛውንቶችና በአልጋ ቁራኞች ላይ ነው። እኛ ዘንድ ግን ከእርሻ ውሎ የገባ፣ ጉልበቱ ያልከዳው ሰው እራቱን በልቶ ተኝቶ ሌሊት ሆዱን ይዞ ይነሳል። ከኢትዮጵያ ሆስፒታሎች የሚወጡ ጥናቶች ከአንጀት መዘጋት ዋና ዋና መንስኤዎች መካከል የትልቁንም የቀጭኑንም አንጀት መጠማዘዝ ደጋግመው ይጠቅሳሉ። አንጀት ታጥቦ እንደሚጨመቅ ነጠላ ሲጠማዘዝ፣ ደም የሚያመጡለትና የሚመልሱለት ሥሮችም አብረውት ይታነቃሉ። ሰዓቱ መቁጠር የሚጀምረው ከዚያ ነው።

አንጀት ብዙ ደም የሚፈልግ አካል ነው። ሰውነት ባረፈበት ጊዜ ልብ ከምትረጨው ደም ከ20 እስከ 25 በመቶ የሚሆነው ወደ ሆድ ዕቃ ይሄዳል። የቀጭኑ አንጀት ውስጠኛ ገጽ ቪላይ በሚባሉ ጣት መሰል ጥቃቅን ነገሮች የተሸፈነ ነው፤ ምግብ ወደ ደም የሚያልፈው በነሱ በኩል ነው። ደም በአንደኛው ሥር ወደ ቪላዩ ጫፍ ይወጣል፤ አጠገቡ ባሉት ሌሎች ሥሮች ይወርዳል። ወጪውና ወራጁ ስለሚቀራረቡ ከኦክስጅኑ የተወሰነው ጫፍ ሳይደርስ ወደ ወራጁ ይሾልካል። ስለዚህ የቪላይ ጫፍ በደህናው ቀንም ኦክስጅን ያጥረዋል፤ ደም ሲቋረጥ ደግሞ መጀመሪያ የሚሞተው እሱ ነው።

ደሙ ሲመለስ ሌላ ጣጣ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ1986 ፓርክስና ግሬንጀር የተባሉ ተመራማሪዎች የድመት አንጀት ላይ በሠሩት ሙከራ፣ ደም ለ3 ሰዓት ተቋርጦ ለ1 ሰዓት የተመለሰለት አንጀት 4 ሰዓት ሙሉ ደም ከተቋረጠበት አንጀት የባሰ ተጎድቶ ተገኘ። ደም በሌለበት ጊዜ የሴሉ የኃይል ስንቅ ይፈራርስና ዝቃጩ ይጠራቀማል። ኦክስጅን በድንገት ሲመለስ ከዚያ ዝቃጭ ጋር ይገናኝና ፍሪ ራዲካል የሚባሉ አጥቂ ሞለኪውሎች ይፈጠራሉ። ነጭ የደም ሴሎች ወደ ስፍራው ይጎርፋሉ፤ ጀርም ለመግደል የተዘጋጀውን መሣሪያቸውን በራስ ሥጋ ላይ ያዞሩታል። የአንጀት ግድግዳ ይሳሳል፤ ባክቴሪያና መርዙ ወደ ደም ይሻገራል፤ ሳንባና ኩላሊት ይታመማሉ። ኦፕራሲዮኑ ሰምሮለት ከቀናት በኋላ የሚያልፈውን በሽተኛ ከሚገድሉት ነገሮች አንዱ ይህ ነው።

አንጀት ግን ራሱን የማደስ ትልቅ ተሰጥኦ አለው። ውስጠኛ ሽፋኑ በየ3 እስከ 5 ቀኑ ይለወጣል። በቪላዮቹ ሥር ክሪፕት የሚባሉ ጉድጓዶች አሉ፤ በነሱ ውስጥ ያሉት ስቴም ሴሎች እስካልሞቱ ድረስ የረገፈው ይተካል። እነዚህን ሴሎች እንዲባዙ፣ ወደ ቁስሉ እንዲሄዱና እንዲሸፍኑት፣ በመከራ ጊዜም ቶሎ እንዳይሞቱ የሚያዙ መልእክተኛ ፕሮቲኖች አሉ። ሳይንቲስቶች ግሮውዝ ፋክተር ይሏቸዋል፤ እኛ የዕድገት ፋክተር እንበላቸው።

ታሪካቸው የጀመረው ከአንጀት ርቆ ነው። አሜሪካዊው ባዮኬሚስት ስታንሊ ኮኸን ከአይጥ የምራቅ ዕጢ ያወጡትን ንጥረ ነገር አራስ የአይጥ ግልገሎችን ሲወጉ፣ በ12ኛው እስከ 14ኛው ቀን ይገለጥ የነበረው የግልገሎቹ ዓይን በ6ኛው ወይም በ7ኛው ቀን ተገለጠ። ኮኸን ምክንያቱን ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ1962 ፕሮቲኑን ለዩት። ዛሬ ኢጂኤፍ ይባላል፤ የ53 አሚኖ አሲዶች ሰንሰለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 ከሪታ ሌቪ ሞንታልቺኒ ጋር የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። ይኸው ፕሮቲን በምራቃችን፣ በሽንታችንና በእናት ጡት ወተት ውስጥ ይገኛል።

እ.ኤ.አ. በ1991 የኢጂኤፍ ዘመድ የሆነ ኤችቢ ኢጂኤፍ የሚባል ፕሮቲን ይፋ ሆነ። በአሜሪካ ኦሃዮ፣ ኮሎምበስ ከተማ የሕፃናት ሰርጅን የነበሩት ዶክተር ጌል ቤስነር ከባልደረቦቻቸው ጋር ፕሮቲኑን ወደ አንጀት ወሰዱት። አንጀታቸው ለተወሰነ ጊዜ ደም ተቋርጦበት በተመለሰላቸው አይጦች ላይ ሞከሩት፤ ፕሮቲኑን ያገኙት አይጦች አንጀት ካላገኙት ያነሰ ተጎዳ። በኋላ በተሠሩ ሥራዎች እንደታየው ፕሮቲኑ የክሪፕት ሴሎችን ከሞት ይጠብቃል፤ የፍሪ ራዲካልን መብዛት ይቀንሳል፤ በጥቃቅኖቹ ሥሮች ውስጥ ደም እንዲንቀሳቀስ ያግዛል። ሰርጅን ችግሩን በጠረጴዛው ላይ አይቶ መልሱን ላቦራቶሪ ገብቶ መፈለጉን ልብ በሉ፤ ወደዚህ እመለስበታለሁ።

በቶሮንቶ ደግሞ ዶክተር ዳንኤል ድሩከር እ.ኤ.አ. በ1996 ጂኤልፒ 2 የተባለው የአንጀት ሆርሞን የአንጀትን ሽፋን እንደሚያሳድግ በአይጦች አሳዩ። ከዚህ ሥራ የተወለደው ቴዱግሉታይድ የተባለ መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ2012 በአሜሪካና በአውሮፓ ተፈቀደ። የሚሰጠው አብዛኛው አንጀታቸው ተቆርጦ የቀረው ቁራጭ ምግብ መምጠጥ ላቃተው ሰዎች ነው፤ በየቀኑ ከቆዳ ሥር ይወጋል። ዋጋው አሜሪካ ውስጥ በዓመት በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ነው። ሐኪሞች በጥንቃቄ የሚሰጡትም ለዋጋው ብቻ ብለው አይደለም፤ ሴል የሚያሳድግ መልእክት የተደበቀ ዕጢንም ሊያሳድግ ስለሚችል መድኃኒቱ ከመጀመሩ በፊት ትልቁ አንጀት በካሜራ ይመረመራል።

ደም ተቋርጦበት ለተጎዳ አንጀት የተፈቀደ የዕድገት ፋክተር ግን እስከ ዛሬ የለም። በአይጥ የሠራው በሰው ላይ እንዲሠራ መጠኑ፣ ሰዓቱና የሚሰጥበት መንገድ ገና መጣራት አለባቸው። ፈተናው የቱ ላይ እንደሆነ አስቡት፦ አይጧ ደሟ ከመቋረጡ በፊት ወይም እንደተቋረጠ መድኃኒት ታገኛለች፤ የኛ በሽተኛ ግን ሆስፒታል የሚደርሰው ሌሊቱን አድሮ፣ ቀኑን ውሎ ነው። ክሪፕቱ ከሞተ በኋላ የሚመጣ የዕድገት ፋክተር የሚያነቃው ሴል አያገኝም። መድኃኒቱ ነገ ተሠርቶ በነጻ ቢታደል እንኳ አንጀቱ በሕይወት ካልደረሰለት ፋይዳ የለውም። ስለዚህ ሥራው ለሦስት ትውልድ ይከፈላል፤ ከሦስቱ ማንም ድርሻውን በሌላው ላይ መጣል አይችልም።

የመጀመሪያው ድርሻ የታላላቆቻችን ነው። እናቶቻችን፣ አባቶቻችን፣ በቤት ውስጥ ቃላችሁ የሚሰማው እናንተ ናችሁ። ሰው ሆዱን ሲያመው ሐኪም ቤት ይሂድ ወይስ ይደር የሚለው ውሳኔ በብዙ ቤት የሚሰጠው ከእናንተ አፍ ነው። ፌጦና ጤና አዳም ለቀላል ቁርጠት ቤት ያፈራው ዘዴ ነው፤ አልነቅፈውም። ነገር ግን ቁርጠቱ እየተመላለሰ ሲበረታ፣ ሆዱ ሲነፋ፣ ትውከት ሲከተል፣ ሰገራም አየርም መውጣት ሲያቆም ነገሩ ከፌጦ በላይ ነው። ያን ጊዜ ሆድ ማሸት፣ የሚያስቀምጥ መድኃኒት ማጠጣት፣ ነገ እናየዋለን ማለት አንጀቱን ማስጨረስ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ያላችሁን እናንተው ናችሁ፤ ለዚህ በሽታም ይሁን። ጎረቤት ይጠራ፣ መኪና ይለመን፣ ቃሬዛ ይነሳ፤ በሽተኛው በሌሊትም ቢሆን ይውጣ።

ሌላም ድርሻ አላችሁ፤ እሱ ከአራስ ቤት ይጀምራል። ያለ ጊዜያቸው የሚወለዱ አንዳንድ ሕፃናት ኔክሮታይዚንግ ኢንተሮኮላይቲስ በሚባል በሽታ አንጀታቸው ተቃጥሎ ይሞታል። መንስኤው ብዙ ነው፤ የአንጀቱ አለመጎልመስ፣ የባክቴሪያ ጥቃትና የደም ፍሰት መጓደል አብረው እንደሚሠሩ ይታመናል። እ.ኤ.አ. በ1990 የታተመ፣ በእንግሊዝ በ926 ያለ ጊዜያቸው በተወለዱ ሕፃናት ላይ የተሠራ ጥናት እንዳሳየው፣ የዱቄት ወተት ብቻ የወሰዱት የጡት ወተት ብቻ ከወሰዱት ይልቅ ከ6 እስከ 10 እጥፍ በበሽታው ተይዘዋል። የጡት ወተት ከበሽታው የሚከላከለው በብዙ መንገድ ሲሆን ኢጂኤፍ አንዱ እንደሆነ ይታመናል። ከ28ኛው ሳምንት በፊት የወለደች እናት ወተት በቀኗ ከወለደችው ይልቅ ብዙ ኢጂኤፍ እንደሚይዝም ተለክቷል።

መጀመሪያ የሚወጣው ቢጫው እንገር ደግሞ በዕድገት ፋክተር የበለጸገው ነው። በየአካባቢያችን ግን እንገር ለሕፃን ሆድ ይከብዳል ተብሎ መሬት ላይ ሲታለብ፣ አራሱ ሕፃን በምትኩ ቅቤ ሲልስ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ2016 የተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ እንዳሳየው ከተወለዱ በ1 ሰዓት ውስጥ ጡት የጀመሩት ሕፃናት 73 በመቶ ነበሩ፤ ከ6 ወር በታች ካሉት የጡት ወተት ብቻ የሚወስዱት ደግሞ 58 በመቶ። ይህ ትልቅ ለውጥ ነው፤ በየቤቱ ቡና ላይ ተቀምጠው እናቶችን ያስረዱት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ድካም አለበት። የቀረውን መንገድ ግን አራሷን የምታርሰው አያት ናት የምታስኬደው። የልጅ ልጅሽ ያለ ጊዜው ከተወለደና መጥባት ካቃተው እንገሩ ይታለብ፤ በጠብታም፣ በቱቦም ይሁን ይድረሰው። ላቦራቶሪ በብዙ ወጪ የሚያመርተውን እናቱ ይዛዋለች።

ሁለተኛው ድርሻ አሁን በሥራ ላይ ያለነው ነው። በጤና ኬላ፣ በጤና ጣቢያ፣ በሆስፒታል፣ በትራንስፖርትና በአስተዳደር ያለን ሁላችን እንጠየቅበታለን። እ.ኤ.አ. በ2015 ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው የዓለም የቀዶ ሕክምና ኮሚሽን 5 ቢሊዮን ሰዎች ደኅንነቱ የተጠበቀ ቀዶ ሕክምና እንደማያገኙ አስታውቆ ነበር፤ አስፈላጊው ኦፕራሲዮን የሚሠራበት ቦታ በ2 ሰዓት ጉዞ ውስጥ እንዲገኝም መክሯል። አገራችን ከዚያ ቀደም ብላ እ.ኤ.አ. በ2009 የጤና መኮንኖችን በድንገተኛ ቀዶ ሕክምና በማስተርስ ማሠልጠን ጀምራለች፤ ሰርጅን ባልደረሰበት ሆስፒታል ብዙ ሰው ያተረፉት እነሱ ናቸው። ጅምሩ በጎ ነው፤ ሰንሰለቱ ግን አሁንም በየቀለበቱ ይበጠሳል።

ብዙ ብር የማይጠይቁ ነገሮች አሉ። የትልቁ አንጀት መጠማዘዝ አንጀቱ ሳይሞት ከተደረሰበት በፊንጢጣ በሚገባ ቱቦ አየሩንና ፈሳሹን በማስወጣት ለጊዜው ሊፈታ ይችላል፤ ኦፕራሲዮኑም በችኮላ መሆኑ ቀርቶ በዝግጅት ይሆናል። ለዚህ ቱቦው፣ የሠለጠነ እጅና በጊዜ የመጣ በሽተኛ ይበቃሉ። ሪፈር የሚጽፈው ባለሙያ ከመጻፉ በፊት በደም ሥር ፈሳሽ ይስጥ፣ በአፍንጫ ቱቦ ያስገባ፣ ተቀባዩን ሆስፒታል በስልክ ይጥራ። በሽተኛው ከአንዱ ሆስፒታል ወደ ሌላው አልጋ የለም እየተባለ የሚዞርበት እያንዳንዱ ሰዓት ከቪላዩ ጫፍ ወደ ክሪፕቱ የሚወርድ ሞት ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አጥብቄ እጠይቃለሁ፤ ሕመሙ የጀመረበት ሰዓት በካርዱ ላይ ይጻፍ። ሆድ ሕመም፣ 2 ቀን ብሎ መጻፍ አይበቃም። መቼ ጀመረ፣ ከቤት መቼ ወጣ፣ ጤና ጣቢያ መቼ ደረሰ፣ ሆዱ መቼ ተከፈተ፣ አንጀቱ ምን ቀለም ነበረው፣ ስንት ሳንቲ ሜትር ተቆረጠ፣ ስንቱ ቀረ? ይህ ካልተጻፈ ቀጣዩ ትውልድ የሚመረምረው ነገር አይኖረውም።

ሦስተኛው ድርሻ የእናንተ የወጣቶቹ ነው፤ በጥቁር አንበሳ፣ በጎንደር፣ በጅማ፣ በመቀሌ፣ በሐዋሳና በየዩኒቨርሲቲው ሕክምና፣ ፋርማሲ፣ ባዮሎጂና ባዮቴክኖሎጂ የምትማሩ። ስለ ጌል ቤስነር እመለስበታለሁ ያልኩት ለእናንተ ነው። በክሊኒክ ያዩትን በላቦራቶሪ መፈለግ የሌላ አገር ልማድ ብቻ ሆኖ መቅረት የለበትም። እናንተ የምታዩትን ያህል የአንጀት መጠማዘዝ በሽተኛ የብዙ የበለጸጉ አገሮች ተማሪዎች አያዩም። አንጀት ከጥምዙ ተፈትቶ ደም ሲመለስለት በሰው ላይ ምን እንደሚሆን፣ በስንተኛው ሰዓት ክሪፕቱ እንደሚሞት፣ በበሽተኛው ደም ውስጥ የትኛው ፕሮቲን ከፍ ዝቅ እንደሚል ለማጥናት ከእናንተ የተሻለ ቦታ ላይ ያለ ጥቂት ነው። የተቆረጠው አንጀት ወደ ቆሻሻ ከሚሄድ በበሽተኛው ፈቃድና በሥነ ምግባር ኮሚቴ ውሳኔ ወደ ፓቶሎጂ ክፍል ይሂድ። አመጋገባችን፣ ረጅሙ ጾማችንና ከጾም በኋላ የሚበላው ከባድ ምግብ ከበሽታው ጋር ያላቸውን ዝምድና የሚጠይቅ ጥናት በእናንተ ቋንቋ፣ በእናንተ ገበሬ ዘንድ የሚሠራ ነው።

የዕድገት ፋክተር ማምረት የሀብታም ሥራ ነው የሚላችሁ ካለ ኩባን አሳዩት። የሃቫናው የጄኔቲክ ኢንጂነሪንግና ባዮቴክኖሎጂ ማዕከል ኢጂኤፍን በራሱ አምርቶ ለስኳር ሕመምተኞች የእግር ቁስል የሚወጋ ኤበርፕሮት ፒ የተባለ መድኃኒት ሠራ፤ መድኃኒቱ እ.ኤ.አ. በ2006 በአገሩ ተመዘገበ። ይህን ያደረገችው በማዕቀብ ሥር የምትኖር፣ ዶላር የሚያጥራት ደሴት ናት። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ልጆች በዚያች አገር አድገውና ተምረው ተመልሰዋል፤ ዛሬም በመካከላችን አሉ። ያ ትውልድ ስለ ኩባ ሲያወራን ሙዚቃውን ብቻ አንጠይቀው፤ ድሃ አገር እንዴት ላቦራቶሪ እንደምትሠራም እንጠይቀው።

በውጭ ላላችሁም ድርሻ አለ። በአሜሪካ፣ በአውሮፓና በእስራኤል ሆስፒታሎች ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናትን የምታሳድጉ ነርሶች፣ በምርምር ማዕከላት የምትሠሩ ባለሙያዎች፣ ዕውቀቱ በየቀኑ በእጃችሁ ያልፋል። በዓመት አንዴ ከሚላክ ያረጀ መሣሪያ ይልቅ በየሳምንቱ በኢንተርኔት የሚሰጥ አንድ ሰዓት ትምህርት ይበልጣል። አንድ የጎንደር ወይም የጅማ ተማሪ የምርምር ዕቅዱን የሚያነብለት፣ የፕሮቲን መለኪያ ዘዴ የሚያሳየው፣ የተሳሳተውን በርህራሄ ሳይሆን በሙያ የሚያርመው ሰው ያስፈልገዋል። አንድ ተማሪ ያዙ፤ እስኪጨርስ አትልቀቁት።

ይህን ሁሉ ለመጀመር አዲስ መድኃኒት መጠበቅ አያስፈልግም። አያት በሽተኛውን በጊዜ ታስወጣ፣ እንገሩንም አትድፋ። ባለሙያው መንገዱን ያሳጥር፣ ሰዓቱንም ይጻፍ። ተማሪው የተጻፈውን ያንብብ፣ ይመርምር፣ ለዓለም ያሳትም። ሦስቱ ከተያያዙ ደም ተቋርጦበት ለተጎዳ አንጀት የሚሆን የዕድገት ፋክተር በሰው ላይ የሚፈተንበት ቀን ሲመጣ፣ ፈተናው ከሚካሄድባቸው ሆስፒታሎች አንዱ የእኛ ይሆናል፤ መጠኑንና ሰዓቱን ከሚወስኑት ሰዎች መካከልም ልጆቻችን ይኖራሉ። ካልተያያዙ ግን መድኃኒቱ በሌላ ሰው በሽተኛ ተለክቶ፣ በሌላ ሰው ዋጋ ተተምኖ፣ ዘግይቶ ይደርሰናል። የትኛው እንደሚሆን የሚወሰነው በዚህ ሳምንት በምናደርገው ነው፤ እያንዳንዳችን ከድርሻችን እንጀምር።